የእትዬ ብርቄ ወይን ቀማሽ

ወይን ጠጅ አዋቂ ነኝ ማለት የጀመርኩበትን ቀን በትክክል አላስታውስም። ምክንያቱን ግን አስታውሳለሁ። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት ክፍል ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ከውጭ በሚመጡ ሣጥኖች ላይ የተጻፈውን እያነበቡ ፎርም ላይ መገልበጥ ነው። ከሣጥኖቹ አንዳንዶቹ ወይን ጠጅ የያዙ ነበሩ። «ተሰባሪ»፣ «ይህ ጎን ወደ ላይ»፣ «ከፀሐይ ይራቅ» የሚሉትን ለዓመታት ስገለብጥ ኖሬ፣ አንድ ቀን ራሴን የወይን ሊቅ ሆኜ አገኘሁት። አንድም ሣጥን ከፍቼ አላውቅም። ያም ቢሆን በሻይ ሰዓት ስለ ወይን ወሬ ከተነሳ ከእኔ በፊት አፉን የሚከፍት አልነበረም።

ይህ ውሸት ጭነት ክፍል ውስጥ ቢቀር ኖሮ ማንንም አይጎዳም ነበር። እኔ ግን ቤት ድረስ ይዤው ሄድኩ፤ ለአከራዬ ለእትዬ ብርቄም አወራሁላቸው።

እትዬ ብርቄ የገርጂ ሰው ናቸው። የዛሬውን ገርጂ አታስቡ። በሰማንያዎቹ መገባደጃ ላይ ገርጂ ገና ግማሹ ቤት፣ ግማሹ የጤፍ ማሳ ነበር። ክረምት ሲገባ ከመገናኛ ታክሲ የሚገኘው ሾፌሩ ደስ ካለው ብቻ ነው፤ እሱም ደስ የሚለው ጥቂት ቀን ነው። አባታቸው ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ቪላ ቆሞበታል። ለእርሳቸው የተረፋቸው አንድ ግቢና ግቢውን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ የወይን ዳስ ነው። ሐረጉን የተከሉት ባለቤታቸው አቶ ቶሎሳ ነበሩ። በወጣትነታቸው አንድ ጣልያን ቤት አትክልተኛ ሆነው ሲሠሩ ተከላውንም ጠመቃውንም ተማሩ፤ ሚስታቸውንም አስተማሩ። እኔ ግቢው ውስጥ ስከራይ አቶ ቶሎሳ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሐረጉ ግን ማረፋቸውን አያውቅም፤ በየዓመቱ ያፈራል። እትዬ ብርቄም በየዓመቱ ይጠምቃሉ፤ ለማኅበር፣ ለጎረቤት፣ ለሠርግ፣ ለእኔም።

የእኔ ክፍል ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ከድንጋይ አጥሩ ጋር ተጣብቃ የተሠራች ነበረች። ፀሐይ የሚባል ነገር ገብቶባት አያውቅም። ሐምሌ ላይ ካልሲ በካልሲ ደርቤ፣ ኮፍያ አድርጌ ነው የምተኛው። ባማረርኩ ቁጥር እትዬ ብርቄ አንድ ብርጭቆ ወይን ይዘውልኝ ብቅ ይላሉ፤ ምሬቴም እዚያው ደጃፉ ላይ ያልቃል። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

እትዬ ብርቄ አንድ ልማድ አላቸው። ለእንግዳ ሲቀዱ መጀመሪያ ጠብ አድርገው መዳፋቸው ላይ ያንቆረቁሩና ይቀምሱታል፤ ከዚያ ነው ብርጭቆውን የሚሰጡት። ድሮ ጠጅ አሳላፊዎች እንደሚያደርጉት ነው፤ ክፉ ነገር የለበትም፣ እኔም ጠጥቼዋለሁ ለማለት። ለእኔ ግን አንድም ቀን ቀምሰው አያውቁም። በዚህ ነገር አንድ ጊዜ ተቀየምኩ።

«እትዬ፣ ለእኔ የማይቀምሱልኝ ብሞትም ግድ ስለሌለዎት ነው?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «አንተ የቤት ሰው አይደለህ እንዴ? ለቤት ሰው ይቀመሳል?»

ያን ቀን ደስ ብሎኝ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ።

ነገሩ የተበላሸው ልጃቸው ግርማ እሁድ እሁድ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ሜትር ይዞ መምጣት የጀመረ ጊዜ ነው። ግርማ ክፉ ልጅ አይደለም። ግንበኛ ነው፤ ግንበኛ ደግሞ ባዶ ቦታ ሲያይ እጁን ይበላዋል። ዳሱን በቁመት ይለካል፣ በወርድ ይለካል፣ ያጉተመትማል።

«እማዬ፣ ይሄ ሐረግ እኮ የአራት ክፍል ቦታ ነው የያዘው።»

«አባትህ ነው የተከለው።»

«አባዬ ዛሬ ቢኖር ራሱ ነበር ክፍል የሚሠራበት። ወይኑን ማን ይገዛሻል? ጎረቤት በነጻ ይጠጣዋል፣ ተከራይ በነጻ ይጠጣዋል።»

ተከራይ ሲል ወደ እኔ ዞሮ ነው። በነጻ የሚጠጣው ተከራይ ክብሩ ተነካ። ባይነካ ኖሮ ቀጥሎ ያልኩትን አልልም ነበር።

«ገዢማ አለው!» አልኩ። «ገና አልመጣም እንጂ። ባዛር አለ!»

ባዛር መኖሩ እውነት ነው። አትላስ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል አጥር ላይ ማስታወቂያው ተለጥፎ አይቼዋለሁ። የአገር ውስጥ ወይን ጠማቂዎች በሚመጣው እሁድ በሆቴሉ የአትክልት ቦታ ምርታቸውን ያቀርባሉ፣ የሆቴልና የምግብ ቤት ሰዎች ይጎበኛሉ ይላል። ተነሥቼ ቆምኩና በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ የለመድኩትን ንግግር ለቀቅኩት። ባዛር ለጠማቂ ያለው ጥቅም፣ አንደኛ ምርትን ማስተዋወቅ፣ ሁለተኛ የገበያ ትስስር፣ ሦስተኛ የልምድ ልውውጥ። አራተኛም ነበረኝ፤ ግርማ አቋረጠኝ።

«ስለ ወይን ምን ታውቃለህ አንተ?»

«አዋቂ ነው እኮ» አሉ እትዬ ብርቄ። «ከውጭ የሚመጣው ሁሉ በእሱ እጅ ነው የሚያልፈው።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ አፌን ከፍቼ ሣጥን ብቻ ነው የማውቀው ለማለት የቀረበልኝ የመጨረሻ ዕድል ይህ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ኮሌታዬን አስተካከልኩ።

ግርማ ሜትሩን ጠቀለለ። «እሺ። ከባዛሩ ገዢ ይዛችሁ ከመጣችሁ ዳግመኛ ስለ ሐረጉ አላነሳም። ካልሆነ ግን ሰኞ ጠዋት መጥረቢያ ይዤ እመጣለሁ። ተስማማን እማዬ?»

እትዬ ብርቄ ዳሱን ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። «እሺ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ እኔን አዩኝ።

ዝግጅቱን ጀመርን። ባዶ ጠርሙስ ያመጣልን ጎረቤታችን ሸምሱ ነው። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፤ መንገዱ ማዶ ሱቅ አለው፤ ከሱቁ ፊት ደግሞ ስትነሳ ሰፈሩን ሁሉ የምታስነሳ አሮጌ ፒክአፕ አለችው። «እኔ አልጠጣም፣ አልሸጥምም» አለኝ፤ «ግን እትዬ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጠርሙስ አጥባለሁ፣ ሰው እጭናለሁ።» አጠበም። ጠርሙሶቹን እንደሱ አድርጎ ያጠበ ሰው አይቼ አላውቅም፤ በፀሐይ እያየ፣ እያሸተተ፣ የተጠራጠረውን እየመለሰ።

የእኔ ድርሻ ጠርሙሶቹ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ማዘጋጀት ነበር። ስሙን «የቶሎሳ ወይን» አልነው። ከሥሩ ግን ምን ይጻፍ? አዋቂው እኔ ነኝ፣ ሁሉም እኔን ይጠብቃል። ብዕሬን አነሣሁና እጄ የለመደውን ጻፈ፦ «ተሰባሪ። ይህ ጎን ወደ ላይ። ከፀሐይ ይራቅ።» እትዬ ብርቄ ማንበብ ስለማይችሉ ተደሰቱ። ሸምሱ ግን አንብቦ፣ እኔን አየት አድርጎ፣ መለጠፉን ቀጠለ።

እሁድ ጠዋት ሆቴሉ ደረስን። ጠረጴዛ ተሰጠን። እትዬ ብርቄ የወይን ቅጠል ይዘው መጥተው ኖሮ ጠረጴዛውን አለበሱት፤ እሳቸውም ነጭ በነጭ ለብሰው ከኋላ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ከጎናችን ከመቂ የመጡ ረጋ ያሉ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አቶ ሁሴን የሚባል የእርሻ ጎረቤታቸው ፍሬውን እንደሚሸጥላቸውና እሳቸው እንደሚጠምቁ ነገሩን። ከማዶ ደግሞ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ አለ። እሱ በትንንሽ ብርጭቆ፣ የዓይን ጠብታ በምታክል መጠን እየቀዳ፣ ፈገግ እያለ ይሰጣል።

«ምነው ሰዉን ያስጎመጀዋል?» አሉ እትዬ ብርቄ ደንግጠው። «እኛ እንዲህ አናደርግም። ሞልተህ ቅዳ። ደግሞ ሳትቀምስ ለማንም እንዳትሰጥ። የማያውቀን ሰው ነው የሚመጣው፣ በምን ያምነናል?»

«እሺ እትዬ።»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሥልጣኔ የገደለኝ። እትዬ እንደነገሩኝ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ብቀምስ ኖሮ ይህን ወግ አልጽፍላችሁም ነበር። መዳፍ ስንት ይይዛል? ምላስ ያረጥባል፣ አለቀ። እኔ ግን ዙሪያዬን ሳይ ፈረንጆች አሉ፣ ክራቫት ያሰሩ አሉ፣ ዘናጭ ሴቶች አሉ። በእነዚህ ሁሉ ፊት መዳፌን ልልስ? የአዋቂነት ክብሬ አልፈቀደም። ስለዚህ ለራሴ አንድ ብርጭቆ አዘጋጀሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ለራሴ ቀድቼ፣ ወደ ብርሃን አንሥቼ፣ ጎንጨት አድርጌ፣ ራሴን ነቅንቄ፣ «ይገባል!» ብዬ፣ ከዚያ ለእንግዳው መስጠት። ብርጭቆዬ ትንሽ ናት ብዬ ነበር። ሸምሱ በኋላ ለካት፤ ትንሽ አልነበረችም።

የመጀመሪያዎቹ አሥር እንግዶች በጣም ተደሰቱብኝ። ንግግሬ ውብ ነበር። ስለ ሐረጉ፣ ስለ ጣልያኑ፣ ስለ ገርጂ አፈር አስረዳለሁ። የተጻፈውን አንብቦ «ይህ ጎን ወደ ላይ ማለት ምንድነው?» ብሎ ለጠየቀኝ ሰው እንኳ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ጠርሙሱ የሚቀመጥበት የጥንት ሥርዓት ነው ብዬ መለስኩለት። ሰውየው ማስታወሻ ያዘ።

ከሃያ እንግዳ በኋላ አቶ ቶሎሳ ትዝ አሉኝ። ልብ በሉ፣ አይቻቸው አላውቅም። ግን ትዝ አሉኝ። «ቶሎሳ ወንድሜ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ እንባዬም መጣ። «ይህን ቀን ሳታይ!» ፊቴ የቆሙት ባልና ሚስት አብረውኝ አዘኑ፤ ሚስትየዋ መሐረብ ሰጠችኝ።

እትዬ ብርቄ ከበርጩማቸው ተነሡ። «ልጄ፣ አታውቀውም እኮ።»

«ባውቃቸውማ ኖሮ ምን ልሆን ነበር!» አልኳቸው።

ከሠላሳ በኋላ ደግሞ ቸርነት መጣብኝ። የመቂው ሽማግሌ እንግዳቸውን ሳይቀምሱለት ሲያስተናግዱ አየሁና አላስቻለኝም። ሄጄ ለእሳቸውም እንግዶች እቀምስ ጀመር። ሽማግሌው መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ኋላ ግን «ይሄ ሰው የአዘጋጆቹ ነው?» ብለው ሸምሱን ጠየቁት። ሸምሱ «የለም፣ የእኛው ነው» አለ፤ አንገቱን ደፍቶ እንዳለው በኋላ ነግሮኛል። እሱ ከጠዋት ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር አንድ ቆርኪ ኪሱ ውስጥ ይከት ነበር። ለምን ብትሉት፣ ከእኛ መሐል ቢያንስ አንዱ ምን እየሆነ እንዳለ ማወቅ አለበት ብሎ ነው።

የክብር እንግዳው ሲመጡ ግን ጉድ ፈላ። መድረክ ላይ ወጥተው፣ አገር በቀል ምርትን ስለማበረታታት ንግግር እያደረጉ ነበር። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ሦስቱን ነጥቦቼን ሁሉ ጠቀሱልኝ። እያንዳንዷ ነጥብ ላይ ብቻዬን አጨበጨብኩ። በመሐል ጉሮሯቸው ደረቀና ፊታቸው ወደተቀመጠው የውሃ ብርጭቆ እጃቸውን ዘረጉ። ሳይቀመስ! የክብር እንግዳ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሳይቀመስለት ሊጠጣ! እንዴት መድረኩ ላይ እንደደረስኩ አላውቅም።

«ይቅርታ ክቡርነትዎ» አልኩ፤ ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀብዬ ጎንጨት አደረግሁ። በማይክሮፎኑ ነው የተሰማው። «ይህ ውሃ ነው!» አልኩ ደንግጬ። ቀጥዬም «ግን ይገባል» ብዬ ብርጭቆውን መለስኩላቸው።

አዳራሽ ቢሆን ጣሪያው ይነሣ ነበር። ሜዳ ስለሆነ ሳቁ እስከ ቦሌ መንገድ ሄደ። ክቡርነታቸውም ሳቁ፣ እግዜር ይስጣቸው። ሁለት አስተናጋጆች በጨዋ ደንብ ክንዴን ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ መለሱኝ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው መሬት መሬቱን ያያሉ። ያኔ ትንሽ አፈርኩ። ዕፍረቴን ለማስታገሥ አንድ ብርጭቆ ቀመስኩ።

ወይዘሮ ሰብለ የመጣችው በዚህ ሰዓት ነው። ቦሌ መንገድ ላይ አዲስ የተከፈተ አንድ ሆቴል የግዢ ኃላፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ስንጠብቃት የዋልናት ገዢ እሷ ነበረች። ደብተር ይዛለች፣ መነጽሯ በሰንሰለት አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የምትስቅ ዓይነት ሴት አይደለችም።

«ልቅመስ?» አለች።

«እንዴታ!» አልኩና ሞልቼ ቀዳሁላት። ቀመስኩላት። ሰጠኋት። ብርጭቆው ባዶ ነበር።

ብርጭቆውን አየች፤ እኔን አየች። ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ሞላሁት፣ ወደ ብርሃን አነሣሁት፣ ቀመስኩላት። አሁንም ባዶ። የራሴን ብርጭቆ ትቼ በእንግዳዋ ብርጭቆ እየቀመስኩ መሆኔ ለራሴ አልታወቀኝም፤ ወይኑ እየተነነ ነው የመሰለኝ። በሦስተኛው ጠርሙሱን ከእጄ ቀስ አድርጋ ወሰደችና ራሷ ቀዳች።

«ይህ ሰው ስንት ጠጣ?» አለች፤ እኔን መጠየቅ ትታ።

ሸምሱ ከኪሱ ቆርኪዎቹን አውጥቶ የወይን ቅጠሉ ላይ ዘረገፋቸው። «ሃምሳ ሦስት፤ የእርስዎን ሳይጨምር» አለ። «የጎረቤትንም አልቆጠርኩም።»

እኔ በዚህ ጊዜ የወይን አመጣጥን ላስረዳት ፈልጌ ጠረጴዛው ላይ ክንዴን አስደገፍኩ። ከክንዴ ቀጥሎ ጭንቅላቴን አስደገፍኩ። የወይን ቅጠል ለጉንጭ እንዴት እንደሚመች ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወዲያ ያለውን የምነግራችሁ ሰው ነግሮኝ ነው።

እትዬ ብርቄ አልተቆጡም። ነጠላቸውን አውልቀው አለበሱኝ። ወይዘሮ ሰብለ የቀዳችውን ጠጥታ፣ አንዳች ነገር ደብተሯ ላይ ጽፋ፣ የግቢውን አቅጣጫ ሸምሱን ጠይቃ፣ እገዛለሁም አልገዛም ሳትል ሄደች። የመቂው ሽማግሌ እትዬ አጠገብ መጥተው ተቀመጡና እኔ ሳንኮራፋ ሁለቱ ስለ ፍሬና ስለ እርሾ እስከ አመሻሹ ድረስ ሲጨዋወቱ ዋሉ። ከዚያ ሸምሱና ሽማግሌው አንሥተው ከባዶ ጠርሙሶቹ ጋር ፒክአፑ ላይ ጫኑኝ። ሸምሱ እንዳለኝ «ይህ ጎን ወደ ላይ» በሚለው መሠረት በጀርባዬ ነው ያስተኙኝ።

በማግስቱ የቀሰቀሰኝ መጥረቢያ የሚሳል ድምፅ ነው።

ተነሥቼ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ያስደነቀኝ ራሴ ነው። ምንም የለውም። አልፈለጠኝም፣ አልዞረብኝም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ይህ ደግሞ የባሰ ነው፤ የሠራሁት ሁሉ አንድ በአንድ ቁልጭ ብሎ መጣልኝ። ውሃው፣ ማይክሮፎኑ፣ ባዶው ብርጭቆ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ስል፣ መጥረቢያው እንደገና ፍሽሽ አለ።

ስወጣ ግርማ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይስላል። እትዬ ብርቄ ከዳሱ ሥር ቆመዋል፤ እጃቸው የሐረጉ ግንድ ላይ ነው። አያለቅሱም። ግንዱን እንደ ሰው ጀርባ መታ መታ ያደርጉታል። ያን ጊዜ የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። የሰው ትዳር ማስታወሻ በአንድ ቀን ስካር ያስቆረጠ ሰው ምን ይባላል?

«ግርማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ወይኑ ምን በደለ?»

«ገዢ አመጣችሁ?»

«አላመጣንም።»

«እንግዲያው ከመንገድ ዞር በል።»

ዞር አላልኩም። ይልቅ ያላሰብኩትን ነገር አደረግሁ፤ ዳሱ ላይ ወጣሁ። ካልሲ በካልሲ፣ ኮፍያዬን እንዳደረግሁ፣ ቋሚው ላይ ተንጠልጥዬ ወጥቼ ሐረጉ መሐል ተቀመጥኩ። «መጀመሪያ እኔን ቁረጠኝ!» አልኩ። ዳሱ ተንቋቋ። እትዬ ብርቄ «ያ ዋቃ! ልጄ፣ ትወድቃለህ!» ይላሉ፤ ግርማ «አንተ ሰውዬ፣ አሁንም አልለቀቀህም?» ይላል።

በዚህ መሐል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ወይዘሮ ሰብለ፣ ደብተሯን ይዛ፣ ጫማዋን ከጭቃ እየጠበቀች በበሩ ገባች።

«ያ ትናንት የተኛው ሰው የት አለ?»

ሁለቱም በጣታቸው ወደ ላይ አሳዩዋት።

መነጽሯን አደረገች። «ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ራስህን ያምሃል? ያቅለሸልሽሃል?»

«ኧረ ምንም።»

«ውረድ እስቲ።»

ወረድኩ። ቀጥ ብለህ ሂድ አለችኝ፤ ከበሩ እስከ ቧንቧው ሄድኩ። ከደብተሯ አንድ ገጽ ገልጣ አንብብ አለችኝ፤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ማንበብ መቼም ሥራዬ ነው። ዘጋችውና ወደ እትዬ ብርቄ ዞረች።

«እማማ፣ ወይንዎ እንደሚጣፍጥ ትናንት ቀምሼ አውቄያለሁ። የሚጣፍጥ ደግሞ ሌላም አለ። ችግሬ በማግስቱ ነው፤ እንግዶቻችን ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው ጠዋት ራሳቸውን ይዘው ነው የሚወርዱት። ለሃምሳ ሦስት እንግዳ ሲቀምስ የዋለ ሰው በማግስቱ ዛፍ ላይ ከወጣ ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ያለዎትን ሁሉ እወስዳለሁ። በየወሩም እፈልጋለሁ።»

ግርማ መጥረቢያውን ከኋላው ደበቀ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ግንዱን ተደግፈው፣ አሁን ነው ያለቀሱት። እኔም አለቀስኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ሳልጠጣ።

«ፍሬው ይበቃዎታል?» አለች ወይዘሮ ሰብለ።

እትዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ የመቂው ሽማግሌ ትናንት የጎደለውን ፍሬ ሊልኩላቸው ቃል እንደገቡ ተናገሩ። የልምድ ልውውጥ ያልኩት ነገር እኔ ተኝቼ በነበረበት ሰዓት ተካሂዷል ማለት ነው።

«ጥሩ። ማስቀመጫስ? ይህን ያህል በርሜል ሲሆን የት ይቀመጣል? ወይን እንደሁ አያያዙ ከባድ ነው ይላሉ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ግን ልቤ ሞቆ፣ ክብሬ ተመልሶ፣ አዋቂነቴ በገዢ ፊት በማስረጃ ተረጋግጦ እንዴት ዝም ልበል?

«ወይን» አልኩ ኮፍያዬን አስተካክዬ፣ «ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ጨለም ያለ። ክረምት ከበጋ ሙቀቱ የማይለወጥ። ፀሐይ ፈጽሞ የማይገባበት። ከተቻለ ግድግዳው ከድንጋይ ጋር የተያያዘ ቢሆን...»

አፌ ሳይዘጋ ገባኝ። ሁሉም ቀስ ብለው ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሩ። የክፍሌ በር ስወጣ ሳልዘጋው ቀርቼ ገርበብ እንዳለ ነው፤ ከውስጥ ያ የማውቀው ቅዝቃዜ ይወጣል። ግርማ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ።

እትዬ ብርቄ ውጣ አላሉኝም። ሁለት ሳምንት በርሜሎቹ ግቢው ውስጥ ላስቲክ ለብሰው ፀሐይ ሲመታቸው ያያሉ፣ መልሰው እኔን ያያሉ። «ከፀሐይ ይራቅ» ብዬ በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ሳምንት ዕቃዬን ራሴ አሰርኩ። ሸምሱ በፒክአፑ አደረሰኝ።

አሁን ባዛር ለወይን ጠማቂ ምን ይጠቅማል የሚለኝ ሰው ካለ፣ ሦስቱንም ነጥብ በኩራት እመልስለታለሁ፤ ሁሉም እውነት ሆነዋል። ለተከራይ ምን ይጠቅማል የሚለውን ግን አልተዘጋጀሁበትም።

አዲሱ ቤቴ መገናኛ አጠገብ ነው። ፀሐይ በሁለት በኩል ይገባል። ሐምሌን ያለ ካልሲ አሳለፍኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

መስከረም ላይ አንድ እሁድ እትዬ ብርቄን ልጠይቅ ሄድኩ። ዳሱ አፍርቶ ጎንበስ ብሏል። ግርማ የተንቋቋውን ቋሚ በብረት ቀይሮታል። የድሮ ክፍሌ በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ በእኔ ጊዜ መወርወሪያ እንኳ አልነበራትም። እትዬ ከፍተው አሳዩኝ። አልጋዬ በነበረበት በርሜሎቹ እንጨት ላይ ተደርድረዋል፤ ንጹሕ ጆንያ ለብሰዋል።

«ከአዲሱ ጠምቄልሃለሁ፣ ተቀመጥ ተቀመጥ» አሉ። ከዳሱ ሥር ወንበር አወጡልኝ። ጠርሙሱን ከፈቱ፣ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞሉት። ከዚያ፣ እኔን እያዩ፣ ደስ እያላቸው፣ መዳፋቸውን ዘረጉና ከጠርሙሱ ጠብ አድርገው ቀመሱ።

ብርጭቆውን ሲያቀብሉኝ እጄን አልዘረጋሁም። እሳቸውም ቆም አሉ። መዳፋቸውን አዩት፤ እንደቀላ ነው።

«እጄ ነው እኮ የቀደመኝ» አሉ።

ተቀበልኳቸውና ጠጣሁ።

«እንዴት ነው አዋቂው?» አሉኝ።

ስለ ወይን ጠጅ የምለው ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።